ጸዓዳው ጀለቢያና የማንጎው ጥላ

በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን ላይ ባለችው በቆላማይቱ ኩርሙክ፣ ጸዓዳ ጀለቢያ የለበሱ አንድ የበርታ ብሔረሰብ አረጋዊ ከማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፎቶግራፍ ሲነሡ፣ የእኛ ዐይን ልብሳቸውን ነጭ አድርጎ ቢያይም፣ ካሜራው ግን በቅጠሉ መካከል የወረደውን ሐመልማላዊ ብርሃንና የአፈሩን ነጸብራቅ ሳይለይ በአንድነት ይመዘግበዋል።

ይህም ብርሃን ሁሉ አንድ ኅብር ስለሌለው ነው፤ በቀለም ሙቀት መለኪያ የቀትር ፀሐይ ወደ 5500 ኬልቪን፣ የክር አምፖል ወደ 2800 ሲሆን፣ የጥላ ብርሃን ከ7000 አልፎ ወደ ሰማያዊነት ሊያዘነብል ይችላል። ስለዚህ የፎቶግራፉን ቀለም የሚያርመው ሰው ከአረጋዊው ጎን ተይዞ በተነሣ ግራጫ ካርድ ላይ የቀለም መምረጫውን ቢያሳርፍ፣ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው እኩል ይሆኑለታል፤ ጀለቢያውን መለኪያ ማድረግ ግን ያሳስታል፣ የልብስ ሳሙና ብዙ ጊዜ ነጩን ወደ ሰማያዊ የሚስብ ቅመም አለውና።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የፊት መልክ ነገር ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ለብዙ ዘመን የኮዳክ ፎቶግራፍ ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያቃኑት «ሸርሊ» በተባለ፣ የአንዲት ነጭ ሴት መልክ ባለበት ካርድ ነበርና፣ የጥቁር ሰው ፊት ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ በጽልመት ተውጦ ይቀር ነበር። ዛሬም ፊትን ለማፍካት ሲል ብርሃኑን ያለ ልክ የሚያበዛ አራሚ የበርታውን አረጋዊ መልክ አመድ ያስመስለዋል፤ የቀለሙ ሚዛን በግራጫው ካርድ ከተቃና በኋላ፣ በግንባራቸውና በጉንጫቸው ላይ ያለውን የቡናና የመዳብ ኅብር ሳይነካ ሊተወው ይገባል።