ዓሦች ወደ ወንዝ በሚወጡበት ወራት
(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ጣና በተነሣ ቁጥር ሁላችንም አስቀድመን የምናስበው እምቦጭን ነው። አረሙ በሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ገበሬው፣ ተማሪው፣ ከየከተማው የመጣው በጎ ፈቃደኛ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ድካሙ የሚመሰገን ነው። እኔ ግን እምቦጭ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም ባይ ነኝ። አረሙ እንዲህ የተንሰራፋው ውኃው ስለመገበው ነው፤ ውኃውን ያጠገብነው ደግሞ ከላይ ያለነው ሰዎች ነን። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አረሙ ሳይሆን ከአረሙ በታች ስላሉት ፍጥረታት ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እንደምናነበው የመብዛት በረከት ለሰው ልጅ ከመነገሩ አስቀድሞ በዕለተ ሐሙስ በውኃ ውስጥ ለሚኖሩት ተሰጥቷል። ይህን ያነሣሁት ለስብከት ማሳመሪያ አይደለም። በጣና ላይ ዛሬ የሚደርሰው ጉዳት በቀጥታ የሚያርፈው በዚሁ በመብዛታቸው ላይ በመሆኑ ነው።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ በአማካይ ከ8 ሜትር ብዙም አይበልጥም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያሉ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ስለከለከለ፣ በውስጡ ያሉት ለብቻቸው በመኖር በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ሆነዋል። ከእነዚህም በርከት ያሉት እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምት ሲገባ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ግልገል ዓባይን ተከትለው ወደ ገባሮቹ ይወጣሉ፤ ንጹሕ ጠጠር ያለበትን፣ ውኃው እየተንፏለለ አየር የሚያገኝበትን ስፍራ ፈልገው በዚያ ይጥላሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ሆኖ ይተነፍሳል ማለት ይቻላል።

ታዲያ ከተራቆተው ተዳፋት አፈሩ ታጥቦ የሚወርደውም በዚሁ ወራት ነው። ደለሉ ጠጠሩን ሲሸፍነው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ከአፈሩ ጋር ማዳበሪያው ይወርዳል፤ በፎገራ ሜዳ በሩዝና በሽንኩርት ማሳ ላይ የተረጨውም የተባይ መድኃኒት እንዲሁ። የጎንደር ከተማ ፍሳሽ በቀሃና በአንገረብ በኩል ወደ መገጭ ይገባል፤ የባሕር ዳር ደግሞ ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ። ማዳበሪያው ማሳ ላይ ሰብል እንደሚያፋፋ ሁሉ ውኃ ውስጥ አልጌንና እምቦጭን ያፋፋል። እነዚህ ሞተው ሲበሰብሱ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። አረሙ የሸፈነውን ውኃ ብርሃን ስለማይደርሰው ዓሣው የሚመገባቸው ጥቃቅን ዕፅዋት አይበቅሉበትም።

በዚህ ላይ ብርብራ አለ። ፍሬውን ወቅጠው ዓሦቹ በሚወጡበት ወንዝ ላይ የሚበትኑ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ እንቁላል ልትጥል የወጣችውን እናት ከነተስፋዋ ይገድላል። ይህ ከቆየ ልማድ የመጣ ስለሆነ እንደ ነውር አይቆጠርም። እኔ ግን ከማዳበሪያው ይልቅ ይህኛው ያሳዝነኛል፤ ማዳበሪያ የሚያፈስሰው ገበሬ ሳያውቅ ነው፣ ብርብራ የሚበትነው ግን ዓሦቹ በስንት ቀን እንደሚወጡ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው።

ደንገሉንም አንርሳ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በሐይቁ ዳር ሲቆም ደለሉን ያጣራል፤ ለቀረሶም ጫጩቶች መደበቂያ ነው። ውኃው ሲሸሽ ገበሬው ተከትሎ ደንገሉን እየመነጠረ ያርሳል። በ2007 ዓ.ም ዩኔስኮ ጣናን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ቢመዘግበውም መዝገቡ ብቻውን ማጭድ አይዝም።

የሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ ለሚለው፣ ብዙ ነገር መዘርዘር አልፈልግም። የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ አፈር እንዴት እንደሚያዝ አባቶቻችን በሥራ ያሳዩበት ስፍራ ነው። ያ ዐፀድ ወንዝ ዳር ከሆነ አጥሩ እስከ ወንዙ ጠርዝ ይድረስ፤ በዳርቻው ያለው ይዞታ ለእርሻ አይከራይ። ኪራዩ ለአጥቢያው ገቢ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይቅር እላለሁ። ጸበል በሚፈስበት ቦታ የዱቄት ሳሙና የሚያጥቡና የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚጥሉ ምዕመናን ሥርዓት ይነገራቸው።

ስለ ብርብራ ግን ከእናንተ ከካህናት በቀር ሰሚ የሚያገኝ የለም። ዓሦቹ በብዛት የሚወጡት በነሐሴና በመስከረም ነው። በፍልሰታ ደግሞ ሕፃኑም ሽማግሌውም በየዕለቱ በቤተ ክርስቲያን ይውላል። በእነዚያ 15 ቀናት ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነገር፣ በወንዙ ዳር ያለው ሰው ሁሉ በጊዜው ይሰማል። የንስሓ አባቶችም ነገሩን ሲጠይቁ ሊያነሡት የሚገባ ይመስለኛል፤ ይህን ግን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ።

በዛሬው ውይይት እያንዳንዱ አጥቢያ ከደብሩ በታች የሚያልፈውን ወንዝ ስም፣ ዓሣ የሚወጣበት መሆን አለመሆኑንና ዳርቻው በማን እጅ እንዳለ ቢያስመዘግብ፣ ከሰኔ በፊት ከየት መጀመር እንዳለብን አብረን እንወስናለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።