የፊልም እጥፋት በሁለተኛው እይታ ሲፈተን



ዛሬ የምናገረው ተመልካችን ሳያስበው ስለሚያዞረው የፊልም ታሪክ እጥፋት ነው። የፊልሞቹን መጨረሻ ሳልገልጥ ስለዚህ ነገር መናገር ስለማይቻለኝ፣ ያላያችኋቸው ቢኖሩ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው እጥፋት ሠመረ የሚለው ማንም ሳይገምተው ሲቀር ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ያልተገመተ ነገር ማምጣት ቀላል ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ በመጨረሻው ደቂቃ በመኪና ቢገጭም ማንም አይገምተውም። አርስጣጣሊስ ስለ ትራጄዲ ሲጽፍ ይህን አስተውሎታል፤ ያልተጠበቀው ነገር ኃይል የሚያገኘው ከቀደመው ድርጊት የተወለደ ሲሆን እንደሆነ ያስረዳል። ስለዚህ የእጥፋት ፈተናው ሁለተኛው እይታ ነው እላለሁ። ምስጢሩን አውቀን ዳግም ስናየው ፊልሙ ከጠለቀ እጥፋቱ ሠምሯል፤ ከሳሳ ግን ያየነው ማታለያ ብቻ ነበር።

ኤም. ናይት ሺያማላን በ1999 ያወጣውን «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» እንውሰድ። ብሩስ ዊሊስ የሚጫወተውን የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ማልኮም ክሮውን፣ ገና በመግቢያው ቀድሞ ያከመው ሰው እቤቱ ገብቶ በጥይት ይመታዋል። ከዚያ በኋላ ሙታንን የሚያይ ኮል የተባለ ልጅ ሲረዳ እናየዋለን። በመጨረሻ ማልኮም ራሱ በዚያች ጥይት መሞቱን ይረዳል።

አሁን የምግብ ቤቱን ትዕይንት አስቡት። ማልኮም በጋብቻቸው መታሰቢያ ቀን ለእራት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ስለ ሥራው ያወራል። እሷ ቀና ብላ አታየውም። ሒሳቡን ዘግታ፣ የበዓል ምኞቷን በለሆሳስ ተናግራ ትሄዳለች። በመጀመሪያው እይታ ባሏን የተቀየመች ሚስት ናት። በሁለተኛው ግን በጋብቻዋ መታሰቢያ ቀን ብቻዋን ለእራት የተቀመጠች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንድም ቃል፣ አንድም እንቅስቃሴ አልተለወጠም፤ ከኩርፊያ ወደ ኀዘን የተሻገረው ትርጉሙ ነው። ዳይሬክተሩ አልዋሸንም። እንዲያውም ሙታን መሞታቸውን እንደማያውቁና ማየት የሚፈልጉትን ብቻ እንደሚያዩ ኮል በግልጽ ነግሮናል። እኛም እንደ ማልኮም ማየት የፈለግነውን አየን።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ምስጢሩ ገጸ ባሕርዩን የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ማልኮም ፊልሙን ሙሉ የሚናፍቀው ሚስቱ እንድታናግረው ነው፤ እውነቱን ባወቀ ጊዜ ደግሞ ሊሰናበታት ግድ ይሆናል። እንቆቅልሹና የልቡ ጉዳይ በአንድ ጊዜ ይፈታሉ።

ያው ዳይሬክተር በ2004 «ዘ ቪሌጅ»ን ሠራ። ጭራቆች ይኖሩበታል በሚባል ጫካ የተከበበ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሚመስል መንደር እናያለን፤ ኋላ ላይ ዘመኑ የእኛው ዘመን መሆኑ፣ ሽማግሌዎቹም ከከተማ ወንጀል ሸሽተው መንደሩን በታጠረ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ውስጥ እንደመሠረቱት ይገለጣል። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ልጆቹን በፍርሃት አጥር ስለሚያሳድግ ማኅበረሰብ ብዙ ያናግራል። ነገር ግን ታሪኩን የተሸከመችው ዓይነ ስውሯ አይቪ፣ ለምትወደው ሰው መድኃኒት ፍለጋ አጥሩን ተሻግራ የምትመለሰው የዘመኑን ምስጢር ሳታውቅ ነው። ምስጢሩ እሷን አልፎ ለእኛ ብቻ ይነገራል። ፍቅሯም ድፍረቷም በየትኛውም ዘመን ያው ነው። ብዙ ተመልካች ተታለልኩ ብሎ የወጣው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በ2013 በወጣው «ናው ዩ ሲ ሚ» ጉዳቱ የባሰ ነው። በትርኢታቸው የሚዘርፉ አስማተኞችን የሚያሳድደው የኤፍቢአይ መርማሪ ራሱ የዘረፋው ጠንሳሽ ሆኖ ሲገኝ፣ አብረነው የተናደድንበትና የደከምንበት ሁሉ ማስመሰል ነበር ይባላል። ዳግም ስናየው የምናዝንለት ሰው አይኖርም።

ምስጢሩን አስቀድሞ ማወቅ ደስታን ያጠፋል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ በ2011 ባወጡት ጥናት፣ መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢያን አጫጭር ልብ ወለዶችን ይበልጥ ወደዷቸው። ጥናቱ በፊልም ላይ አልነበረም፤ ቢሆንም ደስታችን አለማወቃችን ላይ ብቻ እንዳልተንጠለጠለ ያሳያል።

እጥፋት የግድ መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት የሚለውም ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ሂችኮክ በ1960ው «ሳይኮ» 40,000 ዶላር ሰርቃ የሸሸችውን ማሪዮንን ፊልሙ ሳይጋመስ ገደላት፤ ስንጨነቅለት የነበረው ገንዘብም ከመኪናዋ ጋር ረግረግ ውስጥ ሰመጠ።

ቦንግ ጁን-ሆ በ2019 ባወጣው «ፓራሳይት» ይህን መንገድ ወደ ሌላ ደረጃ አድርሶታል። አንድ ድሃ ቤተሰብ ቦታዋን ለመያዝ በተንኮል ከባለጸጋ ቤት ያስባረራት የቤት ሠራተኛ በዝናብ ሌሊት ተመልሳ በር ስትደውል፣ ባሏ ለዓመታት ከባለጸጋው ቤት ሥር ተደብቆ ሲኖር እንደነበር እናውቃለን። ባለጸጋው ደረጃውን ሲወጣ በራሳቸው የሚበሩ የመሰሉን መብራቶች ያ ሰው ከታች ሆኖ የሚያበራቸው ነበሩ። ፊልሙ ገና ግማሹ ይቀረዋል። ቦንግ ያን ጊዜ የሚያውለው ሁለቱ ድሃ ቤተሰቦች ባለጸጋውን ትተው፣ በእሱ ቤት ለመቅረት እርስ በርሳቸው ሲተናነቁ በማሳየት ነው።