ድሎት ማለት ለማን ምንድር ነው?

(በጆሃንስበርግ ከተማ፣ በሜይፌር ሰፈር ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ድሎት ምን እንደሆነ ሁላችንም የምናውቅ ይመስለናል። ነገር ግን ሰው ድሎት የሚለው ነገር እንደ ገቢው ይለያያል፤ ይህም ልዩነት ሳይነገር ሲቀር የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ምሳሌውን ከቅርብ እንጀምር። በሶዌቶና በሌሎችም ታውንሺፖች፣ ስፓዛ በሚባሉት ትንንሽ ሱቆች ከሚሠሩት ወንድሞቻችን ብዙዎቹ የሚያድሩት እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ከዱቄቱ ጆንያ አጠገብ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ድሎት ማለት የራሱ ቁልፍ ያለው አንድ ክፍልና የእሑድ ዕረፍት ነው። እዚህ ሜይፌር ክፍል የተከራየው ደግሞ ሚስቱንና ልጆቹን ማስመጣት ይመኛል። የጅምላ ነጋዴው ግን ይህን ሁሉ እንደ ተራ ኑሮ ቈጥሮ አዲስ መኪና ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2023 መብራት በፈረቃ በተቋረጠ ጊዜ፣ ያለው ሰው በጣራው ላይ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ተክሎ «ይህስ የግድ ነው» አለ፤ የሌለው ሻማ ገዛ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት በኑሮ አለመመጣጠን ከ164 አገሮች አንደኛ ያደረገው ይህንኑ አገር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አገር ቤት እንመልከት። ከጆንያ አጠገብ የሚተኛው ወጣት የላከው ገንዘብ ሆሳዕና አካባቢ የቆርቆሮ ጣራ ይሆናል። እናቱ ይመርቁታል፤ ጐረቤት ግን ጣራውን እንጂ ጆንያውን አያይም። ልጁም እናቱ እንዳያዝኑ ብሎ «ደኅና ነኝ» ይላል እንጂ አኗኗሩን አይገልጽም። ስለዚህ የጐረቤት ልጅ ቤተሰቡን መሬትና ከብት አሸጦ በሞያሌ በኩል መንገድ ይጀምራል። የዚህን መንገድ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 አይተናል፤ በሞዛምቢክ፣ በቴቴ ክፍለ ሀገር፣ 64 ስደተኞች በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሠርቶ ማግኘትም ሆነ ለእናት መላክ ነውር አይደለም። ነውሩ ችግርን በድሎት ሸፍኖ ማሳየት ነው። እንግዲህ ለቤተሰባችን ገንዘብ ስንልክ እውነቱንም አብረን እንላክ፤ ስንት ሰዓት እንደምንሠራ፣ የት እንደምናድር፣ ምን ያህል ዕዳ እንዳለብን እንንገራቸው። ተምረን ለሥልጣን የምንበቃም ብንኖር፣ የሰውን ኑሮ በራሳችን ወጥ ቤት አንለካ። ንጹሕ ውኃ፣ መብራትና የሚቈለፍ በር ለአንዱ ድሎት ለሌላው ተራ ነገር መሆናቸው ቀርቶ የሁሉ መብት እስኪሆኑ ድረስ ሥራችን አያልቅም።