ከሰማይ የሚመጣውን ድምፅ በሽቦ ስለ መቀበልና ስለ መመርመር በደሴ ለተማሪዎች የተነገረ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንቴና ነው። አንቴና የራዲዮን ሞገድ የሚቀበል ሽቦ ነው። የሚቀበለውም ሰው ከጣቢያ የሚልከውን ብቻ አይደለም፤ ፍኖተ ሐሊብ ከሚባለው የከዋክብት ጭፍራ የሚመጣውንም ሞገድ ይቀበላል። ይህም በራዲዮ ውስጥ እንደ ሩቅ ዝናብ ሲንሿሿ ይሰማል።

ይህን አስቀድሞ ያገኘው ካርል ጃንስኪ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ባሕር ተሻግሮ የሚነገረውን ቴሌፎን የሚያውክ ድምፅ ከወዴት እንደሚመጣ ሲመረምር፥ በመጀመሪያ ከፀሐይ መሰለው። ብዙ ወራት ቢመዘግብ ግን ድምፁ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ መጣ። ፀሐይ በ24 ሰዓት ትመለሳለች፤ ከዋክብት ግን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገደማ ይመለሳሉ። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ጥቂት ትርፍ ተጠራቅሞ ቀን እንደሚሆን ያውቃልና ይህ አይከብደውም። ስለዚህ ጃንስኪ በ1933 ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ድምፁ ከፍኖተ ሐሊብ መሆኑን ገለጠ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ20.1 ሜጋኸርዝ ለመስማት 300ን ለ20.1 ብናካፍል የሞገዱ ርዝመት 15 ሜትር ያህል ይሆናል። የዚህ ግማሽ 7.5 ሜትር ነው፤ በሽቦ ላይ ግን ከመቶ አምስት ያህል ስለሚቀነስ 7.1 ሜትር የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ይህንም ከመካከል ቈርጣችሁ፥ ሁለቱን ክንፎች ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ፕላስቲክ አያይዟቸው። ጫፎቹን በናይለን ገመድ አስራችሁ፥ በሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወጥሩት፤ ከፍታው ከ3 ሜትር አይነስ። የቴሌቪዥን አንቴና ገመድ ወስዳችሁ የውስጡን ሽቦ ከአንዱ ክንፍ፥ በላዩ የተጐነጐነውን ከሁለተኛው ክንፍ አጋጥሙ። ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ፈጽሞ አትስቀሉ፤ ነጐድጓድ በሚያሰጋበት ጊዜም አትንኩት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፥ ሳይፈትኑ መስማት አይገባም። በመጀመሪያ የገመዱ ውስጥና ውጭ እንዳይነካኩ በመለኪያ እዩ። ቀጥሎ በባትሪ የሚሠራ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ከፍታችሁ፥ ጣቢያ በሌለበት ስፍራ ገመዱን አንድ ጊዜ ሰኩት፥ አንድ ጊዜ ንቀሉት። ሲሰካ ድምፁ ካልጨመረ አንቴናው አልሠራም። ራዲዮው ድምፁን በራሱ የሚያመጣጥን እንደ ሆነ፥ ለውጡን እንዳይሸፍንባችሁ ያን መሣሪያ ዝጉት።

እኔ ራሴ ይህን ባለማድረጌ አፍሬአለሁ። በየምሽቱ በ1 ሰዓት ድምፁ ሲበረታ፥ ከዋክብትን ሰማን ብለን ደስ አለን፤ እኔም ወደ አለቆቼ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። በ15ኛው ቀን አንድ ልጅ መዝገቡን ገልጦ፥ «ጌታዬ፥ 1 ሰዓት መቅደም ነበረበት፤ ይህ ግን አልተነቃነቀም» አለኝ። በማግሥቱ የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ድምፁም አብሮ ጠፋ፤ ለካ ከጎረቤት መብራት ኖሮአል። ያ ልጅ እኔን ደስ ለማሰኘት ቍጥሩን አለዋወጠም፤ ስለዚህም ከውሸት አዳነኝ።

እንግዲህ የደሴ ተማሪዎች ከኮምቦልቻ ተማሪዎች ጋር ተስማሙ። በሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት አንቴና ይሰቀል፤ ሰዓቱም በአንድነት ይጻፍ። በኮምቦልቻ ብቻ የተሰማው ከፋብሪካ፥ በደሴ ብቻ የተሰማውም ከጎረቤት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም የተሰማውና በየቀኑ 4 ደቂቃ የቀደመው ግን ከሰማይ ነው። የሰማችሁትን ጻፉ፤ ያልሰማችሁትን ቀን ደግሞ «አልሰማንም» ብላችሁ ጻፉ።