እሳት ያልነካው ምግብ አደራው በአምራቹ ላይ ነው
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የኅብረት ሥራ በዓል ሲከበር ስንት ኩንታል ተመረተ፣ ስንት ብር ትርፍ ተከፋፈለ የሚለው ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ይሁንና ከማሳው የወጣው ምርት በአምራቹ ቤት ማዕድ ላይ ምን ያህል ቦታ አለው የሚለው ጥያቄም አብሮ ሊነሳ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ተጭኖ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ የአምራቹ ልጆች ግን ቂጣ በወተት ወይም እንጀራ በወጥ ብቻ በልተው ያድራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው በጥሬው ቢበላ ጥቅም አለው። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጎዳል፤ በሚቀቀልበት ውሃ ውስጥም ሟሙቶ ይቀራል። ይኸው ቫይታሚን በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት በደንብ እንዲጠቀምበት ያግዛል። በመሆኑም ከእንጀራው ወይም ከቂጣው ጎን የተከተፈ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጥቂት ሎሚ መጨመር በተለይ ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለሕፃናት የደም ማነስን ለመከላከል ይረዳል።

ጥሬ መብላት ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ደገኛው የባቄላና የሽምብራ እሸት ይበላል፤ በጾም ወቅት የቲማቲም ፍትፍት ያቀርባል። በቆላው ደግሞ ሐብሐብ ጥም ይቆርጣል፤ በረመዳን ጾም የሚፈታው በቴምር ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገው የሰው ምግብ መቅዳት ሳይሆን ያለውን ማብዛት ነው።

ሆኖም ሁሉም ነገር በጥሬው ይበላ ማለት አይደለም። ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ ይመርዛል። የካሮትና የጎመን ጥቅም በትንሽ ዘይት ሲበስል ለሰውነት ይበልጥ ይደርሳል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያመጣል። ያልፈላ የግመል፣ የፍየልም ሆነ የላም ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ሊያስተላልፍ ይችላል። ብሩሴሎሲስ እንስሳትን ያስወርዳል፤ በሰው ላይ ደግሞ የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚያስከትል ብዙ ጊዜ ወባ ነው ተብሎ ይታለፋል። ወተት ለእንግዳ ማቅረብ የአፋር ሕዝብ የቆየ ክብር ነው፤ አፍልቶ ማቅረብ ይህን ክብር አይቀንሰውም።

የተከበራችሁ አባላት፤

ምግብ ሲበስል ጀርሙን የሚገድለው እሳት ነው። በጥሬ ሲበላ ግን እሳቱ የለም። ስለዚህ የእሳቱን ሥራ መሥራት ያለባቸው የአምራቹ ጥንቃቄና የእናት እጅ ናቸው። የዚህ ንግግር ዋና መልእክትም ይኸው ነው።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታዎች ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ወደ መልካ ወረር ከመድረሱ በፊት የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝ ይቀላቀለዋል። በመንገዱም ብዙ ከተሞችንና እርሻዎችን ያልፋል። ይህን ውሃ ለመስኖ ማዋል ይቻላል፤ በጥሬ የሚበላ አትክልት ማጠብ ግን አይቻልም። በቦይ ውኃ ታጥቦ ያማረ ካሮት ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም ታይፎይድ፣ አሜባ፣ የአንጀት ትላትልና አተት ሊያስተላልፍ ይችላል።

ስለዚህ በማሳ ላይ ቲማቲሙን በእንጨት ደግፎ ፍሬው ውሃና አፈር እንዳይነካ ማድረግ፣ እርጥብ ፍግ ሳይሆን በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ መጠቀም፣ በማሳው አጠገብ ለሠራተኞች መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ ደግሞ አትክልቱን በፈላና በቀዘቀዘ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በታከመ ውሃ ማጠብ ይገባል። ሎሚና ኮምጣጤ ብቻቸውን ጀርሙን ሁሉ አይገድሉም። ንጹሕ ውሃ ከሌለ አብስሎ መብላት ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የተባይ መድኃኒት ነው። አካባቢው የጥጥ አገር በመሆኑ ለጥጥ የመጣ መድኃኒት ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ የሚረጭበት አጋጣሚ አለ። ይህ ፈጽሞ መቆም አለበት። ለጥጥ ተባይ ሲያገለግል የቆየው ኢንዶሰልፋን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት መሠረት በዓለም ደረጃ እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በእያንዳንዱ መድኃኒት መግለጫ ላይ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ የሚጠበቀው ቀን ተጽፏል። ገበያው ተወደደ ተብሎ ትናንት የተረጨ ቲማቲም ዛሬ ቢለቀም፣ ወደ ተክሉ ሰርጎ የገባውን መድኃኒት የትኛውም እጥበት አያወጣውም።

በዚህ ረገድ ዩኒየኑ ለአትክልት የተፈቀደ መድኃኒት ብቻ እንዲያቀርብ፣ መግለጫውን ማንበብ ለማይችሉ አባላት የሚያስረዳ ሰው እንዲመድብ ይጠበቃል። የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ በገበያው ንጹሕ ውሃ እንዲኖር ቢያደርጉ ሥራው ግማሽ መንገድ ይሄዳል። የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በዚሁ አካባቢ አለ፤ ምክር ፈልጎ በሩን ማንኳኳት የአባላት ፈንታ ነው።

በመጨረሻም እያንዳንዱ አባል ምርቱን ከመጫኑ በፊት አንድ መለኪያ ይኑረው። ከማሳው አንድ ቲማቲም አንስቶ፣ አጥቦ፣ በጥሬው ለገዛ ልጁ ለማጉረስ የሚሠጋ ከሆነ ያንን ምርት ለሰው ልጅም አይሽጥ። ሳይሠጋ የሚያጎርስ ከሆነ ግን ከሣጥኑ አስቀድሞ ለቤቱ ያስቀር።

መልካም በዓል ይሁን!