ራስ አሉላ አባ ነጋ፦ ሕይወታቸውና ማረፊያቸው

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ እዚህ ናይሮቢ ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን ስለ አንድ የጥንት የጦር መሪ እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ የመረጥነው ራስ አሉላ እንግዳን ነው። ስማቸው ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ወደ መቀሌ በአውሮፕላን የሄዳችሁ ያረፋችሁት በስማቸው በተጠራው ማረፊያ ነው። ታሪካቸውን ስናወራ ግን ብዙውን ጊዜ ዶጋሊ ወይም ዐድዋ ላይ እናቆማለን። ዛሬ እስከ መቃብራቸው ድረስ እንድንሄድ እንፈልጋለን።

ራስ አሉላ የተወለዱት በትግራይ፣ በተምቤን፣ መነዌ በምትባል መንደር ነው። አባታቸው እንግዳ ቁቢ ገበሬ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሹመት በዘር ሐረግ ይቆጠር ስለነበር፣ የገበሬ ልጅ ራስ መባሉ ለብዙ መኳንንት የሚዋጥ ነገር አልነበረም። አሉላ መጀመሪያ ራስ አርአያ ድምፁን፣ ቀጥሎም ኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የተባሉትን ካሣ ምርጫን አገለገሉ። የግብፅ ጦር በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ድል ሲሆን በጦር ችሎታቸው ታወቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ራስ ተብለው መረብ ምላሽን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። በኋላም መቀመጫቸውን አሥመራ አደረጉ።

በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዞችና ከግብፆች ጋር ዐድዋ ላይ ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት ራስ አሉላ በማህዲስቶች የተከበቡ የግብፅ ወታደሮች በምጽዋ በኩል ወደ አገራቸው እንዲወጡ ረዱ። ትናንት የወጓቸውን ሰዎች ዛሬ ከሞት አተረፉ ማለት ነው። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ደግሞ ኩፊት ላይ የዑስማን ዲግናን ጦር መቱ።

እርሳቸው በዚያ በኩል ሲዋጉ ምጽዋ ከ1877 ዓ.ም. ጀምሮ በጣሊያኖች እጅ ገብታ ነበር። ጣሊያኖች ከባሕሩ ዳር ወደ ውስጥ መግፋት ሲጀምሩ ራስ አሉላ ዝም አላሉም። በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮችን ከበው አብዛኞቹን ደመሰሱ። ሮም ከዋናው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። የተሰየመው ለእነዚያ ሟቾች መታሰቢያ ነው።

ለልጆቻችን ስንናገር ሙሉውን መናገር አለብን። የኩናማና የናራ ሕዝቦች ራስ አሉላ የላኩባቸውን ዘመቻ በመከራ ያስታውሱታል። ልጆቻችን በዚህ ከተማ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከግብፅ ልጆች ጋር አብረው ይማራሉ። ያው ስም በሌላው ቤት በሌላ መልክ ሊነሣ እንደሚችል ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ራስ አሉላ ከጌታቸው ልጅ ከራስ መንገሻ ጋር ሆነው ብዙ ውጣ ውረድ አዩ፤ በ1886 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ ገቡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከተሰለፉት አዛዦች አንዱ እርሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ብዙ ጊዜ የማይነገረው። ዐድዋ ዓመት ሳይሞላው ራስ አሉላ ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ተጣሉ። ሁለት የአንድ አገር ሰዎች በገዛ ምድራቸው ጦር ተማዘዙ። ራስ ሐጎስ በውጊያው ሞቱ፤ ራስ አሉላም ቆሰሉ፤ በዚያው ቁስል በየካቲት 1889 ዓ.ም. አረፉ። ግብፅ፣ ማህዲስትና ጣሊያን ያልጣላቸው ሰው በተወለዱበት አገር፣ በጎረቤት ጠብ ሞቱ። ሁለቱም ወገን ሬሳ ተሸክሞ ተመለሰ።

የተቀበሩት ከዐድዋ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ነው። ገዳሙ በጥንታዊ የብራና ወንጌሎቹ በዓለም የታወቀ ነው። የዐድዋ ጦርነት የተካሄደውም በእነዚያው ተራሮች መካከል ስለሆነ፣ ራስ አሉላ ያረፉት ወገናቸው ሁሉ አብሮ ድል ባደረገበት ምድር አጠገብ ነው።

ክቡራን ወገኖቻችን፤

ይህን የምንናገረው ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአገራችን የሆነውን ሁላችንም ስለምናውቅ ነው። ተምቤንም ዐድዋም ከዚያ ጦርነት አላመለጡም። በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል በአንዱም በሌላውም ወገን ሰው የሞተበት አለ። በዚያን ጊዜ እዚህም አንዳንዶቻችን ሰላምታ ተነፋፍገናል፤ ለቅሶ ለመድረስ የተሳቀቀም ነበር።

ስለዚህ በዚህ በዓል ሁለት ነገር እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ ለልጆቻችሁ ስለ ራስ አሉላ ስትነግሩ ዶጋሊን ንገሯቸው፣ ዐድዋንም ንገሯቸው፣ ከዚያም የተምቤኑን ጠብ ሳትዘሉ ንገሯቸው። ሁለተኛ፣ በእድራችን ድንኳን ውስጥ የሟች ወገን ከየት እንደሆነ አይጠየቅ። ሰው ሲሞትብን ሁላችንም እንድረስ፤ ድንኳኑን አብረን እንትከል፣ ንፍሮውን አብረን እንቀቅል። የተኳረፉም ካሉ ሽማግሌዎቻችን ከለቅሶ በፊት ይድረሱላቸው።

ራስ ሐጎስንና ራስ አሉላን በጊዜ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባልሞቱ ነበር ብለን እናስባለን። እኛ ግን ሽማግሌዎች አሉን፤ ጊዜውም አላለፈብንም።