ከመምህራን ትምህርት ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ
(በናይሮቢ ከተማ፣ በኢስትሊ ለተሰበሰቡ መምህራን የተደረገ ንግግር)



ስለ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፣ ለነገሬ መግቢያ የሚሆን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድሁም። ከዚህ ከኢስትሊ ወጥቶ የቲካን መንገድ የያዘ ሰው ካሃዋ ሲደርስ የኬንያታን ዩኒቨርሲቲ ያገኛል። ይህ ቦታ ቀድሞ ቴምፕለር የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ነበር። በ1965 (ዓመቶቹን እዚህ አገር በለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ) ሰፈሩ ለኬንያ መንግሥት ተሰጥቶ ኬንያታ ኮሌጅ ተባለ፤ ከሥራውም አንደኛው መምህራንን ማሠልጠን ነበር። በ1970 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ፤ በ1985 ደግሞ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

የባሕር ዳሩም ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ሥሩ ግን ሁለት ነው። የመጀመሪያው በ1963 በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት መንግሥታት የቴክኒክ ትብብር የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ባሕር ዳር በዚያን ጊዜ ገና ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ነገር ግን ከጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የጢስ ዓባይም የኤሌክትሪክ ኃይል በ1964 ተከተለ። ፋብሪካ ባለበት ዘንድ መኪናውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋልና፣ ትምህርት ቤቱ በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረት፣ በእንጨት ሥራና በመሳሰለው ሙያ ቴክኒሺያኖችን ያወጣ ጀመር።

ሁለተኛው ሥር፣ ለእኛ ለመምህራን የሚቀርበን፣ የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። በ1972 የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተስማምተው አቋቋሙት፤ በማግሥቱም ዓመት ሥራውን ጀመረ። ዓላማው እጅግ የሚደነቅ ነበር፤ ይኸውም የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ከገጠሩ ሕዝብ ኑሮ ጋር ማስማማት ነው። ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪዎችን፣ የትምህርት ተቆጣጣሪዎችንና የጎልማሶችን ትምህርት የሚመሩ ሰዎችን ያዘጋጅ ነበር። አንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፊቱን ወደ ገበሬው ልጅ የመጀመሪያ ክፍል አዙሮ መመሥረቱ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም።

በ1996 አካዳሚው የመምህራን ኮሌጅ ተብሎ በዲግሪ ማስተማር ጀመረ፤ ከዚያም ሁለቱ ተቋሞች ተዋሕደው ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. (ይህን እንኳ በእኛው አቆጣጠር ልበለው) የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ሕዝቡ ግን የቀድሞውን ስም አልረሳም፤ ግቢዎቹን እስከ ዛሬ «ፔዳ» እና «ፖሊ» እያለ ይጠራቸዋል።

ማዕረጉ ከፍ በማለቱ የማይደሰት የለም። ሐኪሙም፣ የሕግ ዐዋቂውም፣ መሐንዲሱም ከዚያ ወጥቷል። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ዲግሪው ሲመጣ የኮሌጁ ዐይን ወደ ሁለተኛ ደረጃ መምህር ዞረ፤ የፊደል መምህሩን ማሠልጠን ለሌሎች ትንንሽ ኮሌጆች ተተወ። እንዲህ ያለው ነገር በባሕር ዳር ብቻ የሆነ አይመስለኝም፤ የመምህራን ትምህርት ቤት ባደገ ቁጥር ከሕፃኑ ክፍል መራቁ በብዙ አገር ታይቷል። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ ግን ማንበብን የተማረው ከዚያው ከታችኛው ክፍል ነው።

ይህ ነገር በኢስትሊም ይመለከተናል። ልጆቻችን ሳምንቱን ሙሉ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ሲማሩ ይሰነብታሉ። ሀ ሁን የሚቆጥሩት በዕረፍት ቀን ነው፤ የሚያስተምራቸውም ብዙውን ጊዜ ሙያው ሌላ የሆነ፣ በጎ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ነው። መጽሐፍ ቢገኝ እንኳ ለጎጃም ወይም ለሸዋ ልጅ የተጻፈ ነው እንጂ ማታቱ ተሳፍሮ ለሚውል ልጅ የተጻፈ አይደለም። ትምህርትን ከሚኖሩበት ቦታ ጋር ማስማማት የፔዳ መሥራቾች የተነሡበት ጥያቄ ነበር።

ስለዚህ በመካከላችሁ በፔዳ የተማራችሁ ብትኖሩ፣ ለገጠር ትምህርት ቤት ትምህርት የምታዘጋጁበትን ዘዴ፣ ከቅጠልና ከሸክላ መሣሪያ የምትሠሩበትን ጭምር፣ በጽሑፍ እንድታቀርቡልን እለምናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሃያ ልጅ ሰብስበው አንድ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ለያዙት ጓደኞቻችን እናባዛላቸዋለን።